የልጄን ኮርስ ለማማት ኮሎምበስ ድረስ

የተነሣሁ ዕለት ግቢያችን ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ ባለቤቴ ታደሰ፣ ልጄ ሳሙኤልና ሚስቱ፣ ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ፣ የንስሐ አባቴ፣ የሰንበቴያችን ጸሐፊ አቶ ግርማ፣ እንዲሁም ማንም ሳይጠራቸው የገቡ የእትዬ በላይነሽ ሁለት በጎች። በጎቹን የጻፍኳቸው አቶ ግርማ "ስትመለሺ ለማኅበሩ የምናነበው ስለሆነ አንድም ሳትተዪ ጻፊ" ስላሉኝ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን አልጨምርም።

ሰኞ፣ ጾመ ፍልሰታ በገባ በማግሥቱ፣ በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ያለችውን ልጄን ልጠይቅ ከደብረ ብርሃን ተነሣሁ። ፓስፖርቴን፣ የክትባት ካርዴንና የልጄን አድራሻ በጨርቅ ከረጢት አድርጌ ከጉርድ ቀሚሴ ውስጥ ሰፍቼው ነበር። ሌባ እንዳያገኘው ብዬ ነው። ቦሌ ደርሼ ፓስፖርት ሲሉኝ እኔም ላገኘው አልቻልኩም። መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ በጥርሴ ክሩን በጥሼ እስክወጣ ድረስ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሁሉ ጠበቀኝ። አንድ ሰውዬ "እናቴ፣ ከባንክ ነው እንዴ የሚያወጡት?" አሉኝ። አውሮፕላኑ ላይ ያቀረቡልኝ ዶሮ ነበር። ጾመኛ መሆኔን አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አይታ ሰላጣዋንና ፍሬዋን ወደ እኔ ገፋችው፤ ዶሮዬን ወሰደች። ሁለታችንም ደስ ብሎን በላን።

ማክሰኞ ዋሽንግተን ወረድኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ያለውን ንገሪ ሲሉኝ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ መርፌና ክሩን፣ ለታመመ የሚሆን ነጭ ሽንኩርቱን ጭምር ተናገርኩ። መኰንኑ ነጭ ሽንኩርቱን ወስዶ ሌላውን መለሰልኝ። ከዚያ ለኮሎምበስ በሚነሣው አውሮፕላን በር ላይ፣ ወረቀቴ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሥር፣ ሁለት ሰዓት ሳልነቃነቅ ተቀመጥኩ። ለካ በሩ ተቀይሯል። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ስጸልይ ሰምታ በአማርኛ "እማማ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?" አለችኝ። ጋሪዋን ግድግዳ አስጠግታ፣ ክንዴን ይዛ እየሮጠች አደረሰችኝ። ስሟን ሳልጠይቅ ቀረሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኮሎምበስ ላይ መሲ የምንላት ልጄ መሠረት፣ ባሏ ዳዊትና የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ሊዲያ ተቀበሉኝ። ቤታቸው ጋሃና የሚባል ሰፈር ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሩቅ አይደለም። ሙቀቱ የሸዋ ሮቢት ነው። አገሩ ሜዳ ነው፤ ጋራ ፈልጌ አጣሁ። ቤቶቹ አጥር የላቸውም። ከሁሉም የገረመኝ ሣሩ ነው። እያንዳንዱ ቤት ፊት ለፊት በግ የሚያደልብ ሣር አለ፤ ባለቤቶቹ በየሳምንቱ እያጨዱ ለቆሻሻ መኪና ይሰጡታል።

"በግ አይገዙም?" አልኩት ዳዊትን።

"እማማ፣ በግ ከተማ ውስጥ ክልክል ነው።"

"ታዲያ ሣሩን ለማን ያበቅሉታል?"

"እኔም ስምንት ዓመት ሙሉ እያጨድኩ ይህንኑ እጠይቃለሁ" አለኝ።

በሩን ሦስት ጊዜ ቆልፌ ምድጃው መጥፋቱን ሁለት ጊዜ አይቼ ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት ስነሣ መሲ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ አገኘኋት። ከእናንተ መካከል የማታውቋት ካላችሁ፣ መሲ በዲቪ ከወጣች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አምስቱን ዓመት ዌርሃውስ የሚሉት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስታነሣ ኖራ ወገቧን ታመመች። በጎን እየተማረች አሁን አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ ታስተምራለች። የምትቀጠረው ግን ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ነው፤ ክፍል ከሌለ ሥራ የለም። በዚህ ዓመት ለኮሌጅ የሚያዘጋጅ የሒሳብ ኮርስ በኢንተርኔት ሠርታለች። ማብራሪያው በአማርኛ ነው። በየዌርሃውሱና በየታክሲው የሚሠሩት የእኛ ሰዎች የሥራ ፈረቃቸውን ሲጨርሱ በስልካቸው ከፍተው እንዲማሩ ነው ያሰበችው። ኮርሱ የሚከፈተው ግን የኮሌጁ ኮሚቴ መዝኖ ካለፈ ነው። ካላለፈ ተመልሳ ዌርሃውስ ልትገባ ነው። ይህን ስትነግረኝ እጇ ወገቧ ላይ ነበር፤ አይቼዋለሁ።

የሚመዝኑበት ወረቀት አላቸው፤ ሩብሪክ ይሉታል። መሲ ወደ አማርኛ መልሳው ነበርና አነበብኩት። በግራ በኩል ጥያቄ ተደርድሯል፤ ተማሪው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል ወይ? አስተማሪዋን በምን እንደሚያገኛት ተነግሮታል ወይ? ተማሪዎቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ቦታ አለ ወይ? በቀኝ በኩል ሦስት ሣጥን አለ፤ ተሟልቷል፣ በከፊል፣ ገና ነው። ምን ሲገኝ ተሟልቷል እንደሚባል፣ ምን ሲጎድል በከፊል እንደሚባል ከሥሩ ተጽፏል።

"ይህን ሁሉ ከሚጽፉ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አይሉም?" አልኳት።

"እማ፣ ቅቤ ስትገዢ ጥሩ ነው ብለሽ ዝም ብለሽ ትገዢያለሽ?"

"አልገዛም። ሽታውን አያለሁ፣ ቀለሙን አያለሁ፣ ውሃ መያዙን አያለሁ፣ ሙዝ እንዳልገባበት በጣቴ አሻለሁ።"

"በቃ፣ ሩብሪክ ማለት እሱ ነው።"

ገባኝ። እኔ በተማርኩበት ጊዜ አስተማሪያችን ከመቶ አርባ ብሎ ጽፎ ደብተሩን ይወረውርልን ነበር። ስልሳው የት እንደጠፋ የነገረኝ የለም። እንዲህ ያለ ወረቀት ቢኖር ኖሮ ሰባተኛ ክፍል እገባ ነበር ይሆናል።

ሐሙስና ዓርብ ሱቅ አየሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ አልዘረዝርም።

ቅዳሜ መሲ ኮርሱን የሚሞክሩላት እንግዶች ጠራች። ኮሚቴው ከራሱ መዛኞች ሌላ ተማሪ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎች የሞሉትንም ወረቀት ይፈልጋል። የመጡት ሦስት ናቸው። ጋሼ መኮንንና ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ፒከሪንግተን ከምትባል ጎረቤት ከተማ መጡ፤ በስደት ገብተው የቆዩ፣ ቤትም ሱቅም ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሦስተኛዋ ዓለምነሽ ናት። ዓለምነሽ በዲቪ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፖላሪስ በሚባለው የገበያ ሰፈር አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ታጸዳለች። ሚያዝያ ላይ ኮርሱ ለሙከራ ሲከፈት ገብታ፣ በሁለተኛው ሳምንት ያቋረጠች ናት። ዝምተኛ ናት። አራተኛዋ እኔ ነኝ።

መሲ መጀመሪያ አበላችን። የጾም በያይነቱ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ዓሣም ለሚበላ ዓሣ። ከዚያ ለእያንዳንዳችን ኮምፒውተርና ወረቀት አደለች። እኔ ገጹን ከፍቼ አንድ ያማረ ሥዕል አየሁ፤ ነካሁት። ምንም አልሆነም። ደግሜ ነካሁት። ሊዲያ በአማርኛ ብትጠይቋትም የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። አጠገቤ መጥታ "ኖ፣ ኖ፣ ስክሮል ዳውን" እያለች ገጹን ወደ ታች አወረደችው። ታች ሌላ ገጽ አለ፤ እሱም ታች አለው። የት እንደሆንኩ ጠፋኝ። ቀና ስል መሲ ከወጥ ቤት እያየችኝ ትስቃለች። ፈገግ አልኩና "ከየት እንደሚጀምር ያውቃል ወይ?" የሚለው ላይ ተሟልቷል ብዬ ምልክት አደረግሁ። ከዚያማ እጄ ለመደ፤ እስከ ታች ተሟልቷል።

ሌሎቹም እንደዚያው። ጋሼ መኮንን መነጽራቸውን አውልቀው "ልጄ፣ እንከን አይወጣለትም" አሏት። መሲ ወረቀቶቹን ሰብስባ በደስታ ለኮሚቴው ላከች።

ማክሰኞ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ደወለች። መሲ አውርታ ስትጨርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው።

"ምን አለችሽ?"

"'አራት ሰው አንድም ጉድለት ያላገኘበት ኮርስ አይቼ አላውቅም' አለችኝ። ሰዎቹ ኮርሱን አላዩትም ማለት ነው አለች። የእነሱ መዛኞች ገና መጀመሪያው ላይ መግቢያው ጠፍቷቸዋል። እስከ ዓርብ እውነተኛ ወረቀት ካላመጣሁ መስከረም ላይ ክፍል የለም።"

ከዚያ ሳህን ማጠብ ጀመረች። የታጠበውን ሳህን ደግማ አጠበችው።

ረቡዕ ጠዋት ነገርኳት። "መሲ፣ እኔም ጠፍቶኝ ነበር። መግቢያውን አላገኘሁትም።"

ዞር አለች። "ታዲያ ለምን ተሟልቷል አልሽ?"

"ሰው ቤት ተበልቶ ጨው አነሰ ይባላል?"

"እኔ እኮ ልጅሽ ነኝ።"

"ልጄ ብትሆኚም ቤቱ ያንቺ ነው፤ እንግዶችም አሉ።"

ተቀመጠች። "እሺ፣ ሁሉም እንዲህ ካሰቡ እኔ እውነቱን ከማን ልስማ?" አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም የጠየቀችኝ፤ ያልገባት ተማሪ እንደሚጠይቅ ነው። እኔም አሰብኩበት። በእኛ ማኅበር ጠላው ቀጠነ ብሎ ለባለ ተራዋ የነገራት ሰው አላውቅም። ከበሩ ስንወጣ ግን የማናውቀው ጉድለት የለም፤ ጌሾው፣ ብቅሉ፣ ጋኑ ሳይታጠን መቅረቱ ጭምር።

"አንቺ ቤት ቅሪ" አልኳት። "ዳዊት ያድርሰኝ።"

ዳዊት ከሥራው ግማሽ ቀን ወስዶ ፒከሪንግተን አደረሰኝ። ሃይዌይ የሚሉት መንገድ ላይ የበሩን መያዣ በሁለት እጄ ይዤ ነበር። "እማማ፣ ቢለቁትም መኪናው አይወድቅም" አለኝ። አልለቀቅኩትም።

እነ ጋሼ መኮንን ቤት ጓሮው ጎመን፣ ቃሪያና ጤና አዳም ነው። እትዬ ጽጌ ሽሮ አቀረቡ። በልተን ስንጨርስ ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

"የመጣሁት ልጄን አብረን እንድናማት ነው" አልኩ።

ጋሼ መኮንን ሳቁ። "ወይዘሮ አስካለ፣ እናት ልጇን ታማለች?"

"እናቷ ካላማቻት ማን ያማታል። እኔው ልጀምር። መግቢያው የት እንዳለ አይታወቅም። ሥዕሉን ነካሁት፤ ሥዕሉ ሥዕል ብቻ ነው።"

እትዬ ጽጌ ወንበራቸውን አስጠጉ። "ኧረ እኔም ሥዕሉን ነው የነካሁት። የእኔ ጣት ደርቆ መስሎኝ እጄን ታጠብኩ እኮ።"

"ፊደሉስ?" አልኩ።

"ጉንዳን" አሉ ጋሼ መኮንን።

"ጉንዳን እንኳ ይንቀሳቀሳል" አሉ እትዬ ጽጌ። "ደግሞ ቪዲዮው ላይ 'ቀደም ብዬ እንደነገርኳችሁ' ትላለች። መቼ ነገረችን?"

"ስትናገርም ትሮጣለች" አሉ ጋሼ መኮንን።

"እሱ ከአባቷ ነው" አልኩ፤ ጻፍኩትም።

ጋሼ መኮንን ሞቃቸው። "ሦስተኛው ትምህርት ላይ የቤት ሥራው እሑድ ይመለሳል ይላል። ዝቅ ሲሉ ዓርብ ይላል። እኔ ሱቄ በር ላይ እንዲህ ሁለት ዓይነት ሰዓት ብለጥፍ ደንበኛ ይቀርልኛል? ከገባኝ እቀጥላለሁ፣ ካልገባኝ ደግሞ ማንን ልጠይቅ? ስልኳን መጨረሻው ገጽ ላይ ነው ያስቀመጠችው። እዚያ የሚደርስ እኮ የገባው ሰው ነው።"

አሥራ አምስት ጉድለት ጻፍን። እንዲህ ደስ ያለኝ ሐሜት ትዝ አይለኝም። ስንነሣ ግን ጋሼ መኮንን ወረቀቱን መልሰው አዩትና "ይህን ሁሉ ቅዳሜ አይቼው ነበር። ዝም በማለቴ ጎድቻታለሁ ማለት ነው" አሉ። እትዬ ጽጌ አንድ ፌስታል ጎመን ቆርጠው ሰጡኝ።

መሲ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ፊቷ ቀላ። ከዚያ "'ከአባቷ ነው' ያለው ማነው?" አለች። አልመለስኩላትም። እስኪመሽ ድረስ ስታስተካክል ዋለች። ከገጹ አናት ላይ በትልቁ "ከዚህ ጀምሩ" ብላ ጻፈች፤ ሥዕሉንም አነሣችው።

ሐሙስ የቀረችው ዓለምነሽ ነበረች። ብሬኳ፣ የዕረፍት ሰዓቷ ማለት ነው፣ አጭር ስለሆነ እኛ ፖላሪስ ሄድን። ሱቁ ከእኛ ገበያ ይሰፋል፤ መኪና ማቆሚያው ደግሞ ከሱቁ ይሰፋል። ዳዊት መኪናው ውስጥ ቀረ። እኔና እሷ አንዲት ትንሽ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ስለ ሐሜቱ ነገርኳት፤ ብትስቅ ብዬ ነበር።

"እትዬ፣ እኔ መምህሬን አላማም። ስለ ራሴ ግን ልንገርዎ" አለችኝ። "ሚያዝያ ላይ ስገባ የመጀመሪያው ሥራ ራስሽን አስተዋውቂ የሚል ነበር። ከየት መጣሽ፣ ማን አለሽ፣ ለምን ወደዚህ መጣሽ። ጽፈው ሲጨርሱ ሁሉም ተማሪ ያነበዋል። በዚያው ወር እናቴን አገር ቤት፣ መሐል ሜዳ ከተማ ቀብረዋት ነበር። ማን አለሽ የሚለው ጋ ደረስኩና ዘጋሁት። በማግሥቱ ከፈትኩት፣ ዘጋሁት። እሱን ሳይጨርሱ ደግሞ ቀጣዩ ትምህርት አይከፈትም፤ ተቆልፏል። ስለዚህ ተውኩት።"

"ለመሲ አልነገርሻትም?"

"ደውላልኝ ነበር። ሥራ በዛብኝ አልኳት።"

እጇን ያዝኩ፤ የጽዳት መድኃኒት ሽታ ነበረው። መሲ እኮ ልጅቷ ሒሳቡ ከብዷት ነው ብላኝ ነበር።

"ሒሳቡስ ይከብድሻል?" አልኳት።

"ኧረ እወደዋለሁ። መስታወት ስወለውል እንኳ እቆጥራለሁ። እስከ ብሬኬ ስልሳ አራት ይደርሳል። አንዱ ረድፍ ስምንት ነው፤ ስምንት ረድፍ ነው።" መጀመሪያ ፈገግ ያለችው ያኔ ነው። ሰዓቷን አየችና ተነሣች።

ወረቀቴን አወጣሁ። "ተማሪዎቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ቦታ አለ ወይ?" በሚለው ላይ እኔም፣ ጋሼ መኮንንም፣ ዓለምነሽ ራሷም፣ የኮሌጁ መዛኞችም ጭምር ተሟልቷል ብለናል። ቦታውማ አለ። ዓለምነሽ ግን ማለፍ አቅቷት የቆመችው እዚያው በር ላይ ነው።

ማታ ለመሲ ነገርኳት። ይቅርታ ልትጠይቅ ስልኳን አነሣች፤ ምን ብላ እንደምትጀምር ሲጠፋት አስቀመጠችው። ከዚያ ጥያቄውን ሰርዛ በቦታው "በሥራ ቀናችሁ የምትቆጥሩትን አንድ ነገር ንገሩን" ብላ ጻፈች። ቁልፉንም አነሣች፤ ሳይጽፉም ማለፍ ይቻላል። ለኮሚቴው የሚላከውን አዲሱን ወረቀት ስትሞላ የመተዋወቂያውን ረድፍ ራሷ ከተሟልቷል ወደ በከፊል አወረደችው።

"መሲ፣ አሁን እኮ አስተካከልሽው። ለምን ነጥብሽን ታወርጃለሽ?" አልኳት። ፈራሁ እውነት ለመናገር።

"መስተካከሉን የምትነግረኝ ዓለምነሽ ናት፤ እኔ አይደለሁም" አለችኝ።

ዓርብ ላከችው። ቅዳሜና እሑድ እኔ እንቅልፍ አጣሁ፤ እሷ ተኛች። ጾሙ ተፈትቶ ዶሮ በበላን በማግሥቱ ኮሚቴው መለሰ፤ ኮርሱ አለፈ። ሊቀ መንበሯ መሲ ራሷ ዝቅ ያደረገችውን ረድፍ አይታ፣ ለሌሎቹም ኮርሶች የሚሆን 'ተማሪውን በር ላይ የሚያስቀር ነገር አለ ወይ?' የሚል ጥያቄ ሩብሪኩ ላይ ልጨምር ወይ ብላ ፈቃድ ጠየቀቻት። ዳዊት ሣር ማጨጃውን አቁሞ ገብቶ አቀፋት። እኔ ምድጃው መጥፋቱን አይቼ መጣሁና አለቀስኩ።

በዚያው ቀን ለዓለምነሽ ደወልንላት። ስልኩ አይሠራም። ፖላሪስ ሄድን፤ ሥራዋን ለቃለች፣ ሌላ ስቴት ሄዳለች አሉን፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። መሲ ስሟን መዝገቡ ላይ አስገብታ ቦታዋን ይዛላታለች። እኔም በሳምንቱ ተመለስኩ።

አሁን ጥቅምት ነው። ትናንት መሲ ስትደውል ክፍሉ ሞልቷል አለችኝ፤ አንዱ የጫነውን ሣጥን፣ አንዷ ያጠበችውን አልጋ ልብስ ቆጥረው ጽፈዋል። ዓለምነሽ ግን አልገባችም።

ከእናንተ መሐል ሜዳ ዘመድ ያለው ሰው ይኖራል። ልጅቷ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ረዘም ያለች፣ ዝምተኛ፣ በግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት ናት። እናቷ ያረፉት በ2014 ሚያዝያ ነው። ቤተሰቦቿን የምታውቁ፣ ዓለምነሽ የት እንዳለችና ደኅና መሆኗን ጠይቃችሁ ንገሩኝ።